ትንሿ ባይኖኩላር ስታስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ወፍ ለማየት ብሎ ርካሽና ትንሽ ባይኖኩላር የገዛ ሰው ቶሎ ያማርራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ከዓይኑ ጋር አላስተካከላትም፣ ወይ ሲገዛ በትልቅ ቁጥር ተሸውዷል። የመጀመሪያው እዚያው ይፈታል። ሁለተኛው ግን ከተገዛ በኋላ ብዙም አይድንም።

ቁጥሩን ለማያውቅ፦ 8×25 ማለት 8 እጥፍ ታቀርባለች፣ የፊት ሌንሷ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው።

ጥቁር ጥላ ይጋርደኛል

ሁለቱ ቱቦዎች ከዓይናችሁ ጋር አልገጠሙም። አንድ ሙሉ ክብ እስኪታያችሁ ድረስ መሃል ላይ እያጠፋችሁ አጥብቡ፣ አስፉ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በዓይን በኩል ያለውን ጎማ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ካላደረጋችሁ ወደ ውጭ አውጡት። ይህም ተደርጎ መነጽር ያደረገ ሰው የሚያየው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ ዕቃዋ ለእሱ አልተሠራችም። መነጽር አድራጊ ሲገዛ ዓይን ከሌንሱ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆም ሙሉውን የሚያይባትን ይምረጥ።

በአንዱ ዓይን ጥርት፣ በሌላው ድብዝዝ

የሁለቱ ዓይኖቻችን አቅም እኩል ስላልሆነ ነው። ለዚህ የተሠራ ቀለበት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ዓይን በኩል ነው። ቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ሸፍኑና ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ ራቅ ያለ ጽሑፍ እዩ። የመሃሉን መዘውር እያዞራችሁ አጥሩት። ከዚያ ግራውን ሸፍኑ፤ መዘውሩን ሳትነኩ በቀለበቱ ብቻ አጥሩ። በቃ። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ቤት ውስጥ ልጅ ካለ መጀመሪያ የሚያዞረው እሱን ነው።

ወፉ ይንቀጠቀጣል፣ ደግሞም ፈልጌ አላገኘውም

ቁጥሩ በዝቷል። 10 ወይም 12 እጥፍ የምታቀርብ ባይኖኩላር የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ታጎላዋለች። ቀላል ስለሆነች ደግሞ እጅ ላይ አትረጋም። የምታሳየው ቦታም ጠባብ ነው፤ ወፉ ዋርካው ላይ ቁጭ ብሎ እናንተ ቅጠል ስትቆጥሩ ትውላላችሁ።

ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «የምታገኘውን ትልቁን ቁጥር አምጣልኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዲህ አትዘዙ። ለትንሽ ባይኖኩላር 8 ይበቃል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄዳችሁ አባ ኮዳ ለማየትማ 8ም ይበዛል፤ እዚያ ምሳችሁን ጠብቁ። በነገራችን ላይ ባይኖኩላር ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ዘመድ ከመነሳቱ በፊት ጠይቁ።

ትልቁን ቁጥር የገዛ ሰው ክርኑን ከጎኑ ያጣብቅ፣ ግንድ ወይም ግድግዳ ይደገፍ፣ ወይም ቁጭ ብሎ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ። ወፉን ለማግኘት ደግሞ ዓይናችሁን ከወፉ ላይ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሯን ወደ ዓይናችሁ አምጧት። ጎንበስ ብሎ እሷን እያዩ ማንሳት ነው ወፉን የሚያጠፋው።

ካርቶኑ 30×60 ይላል፣ የሚታየው ግን እዚህ ግባ አይባልም

ማስመሪያ አውጡና የፊት ሌንሱን ለኩ። 60 ሚሊ ሜትር ማለት 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ኪስ ውስጥ የምትገባ ዕቃ በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ ይህን የሚያህል ሌንስ ልትሸከም አትችልም። 22 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ ካርቶኑ ዋሽቷል፤ 30ውንም አትመኑት።

እሱንም መፈተን ይቻላል። ባይኖኩላሯን ከፊታችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁና ወደ ብርሃን አዙሯት (ወደ ፀሐይ ግን በጭራሽ፤ ዓይን ታጠፋለች)። በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ ትንሽ ብሩህ ክብ ይታያል። የፊት ሌንሱን ስፋት ለዚያ ክብ ስፋት ስታካፍሉ እውነተኛው ማጉያ በግምት ይወጣል።

ሌንሳቸው እንደ ሩቢ ቀይ የሚያብረቀርቀውንም እለፏቸው። ቀዩን ብርሃን መልሰው ስለሚያንጸባርቁ ወፉ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ወፍ የምንለየው ደግሞ በቀለሙ ነው። እያዞሩ ከ8 እስከ 24 የሚያጎሉ የሚባሉትም፣ በዚህ ዋጋ ከሆነ፣ ጣጣቸው ይበዛል።

ማለዳና ጫካ ውስጥ ይጨልምብኛል

ከላይ ያልናት፣ በዓይን በኩል ባለው ሌንስ ላይ የምትታየዋ ብሩህ ክብ ናት ምክንያቱ። 8×25 ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 10×25 ላይ 2.5 ናት። በቀትር ይበቃል፤ የዓይናችን ብሌን ያኔ ጠባብ ነው። ብርሃን ሲያንስ ብሌኑ ይሰፋል፣ ባይኖኩላሯ ግን የምትሰጠው ያችኑ ነው። መፍትሄ የለውም። መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ የሚያዘወትር ሰው ትንሽ ከበድ ብትልም 8×32 ይግዛ፤ ክቧ 4 ሚሊ ሜትር ናት። እንደ ገፈርሳ ባለ ገላጣ የውኃ ዳር ለሚዞር ግን 8×25 ደህና ናት። አንድ ብቻ ግዛ ብትሉኝ እኔ 32ቷን እመርጣለሁ።

ሁለት ወፍ ይታየኛል፣ ራሴንም ያመኛል

ይህ ከባዱ ነው። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ አያዩም። ርካሽ ዕቃ ላይ ከፋብሪካው ጀምሮም ያጋጥማል፣ ከወደቀችም ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ በፊት ፈትኑ፦ ደጅ ውጡና የሩቅ ጣሪያ ጫፍ ወይም የመብራት ሽቦ እያያችሁ ባይኖኩላሯን ቀስ በቀስ ከዓይናችሁ አርቁ። በግራና በቀኝ የሚታየው መስመር ከፍና ዝቅ ካለ አትግዟት። ትንሽ ስሕተትን ዓይን እየታገለ ስለሚያስተካክለው መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፤ ራስ ምታቱ የሚመጣው በኋላ ነው። ቤት ውስጥ ብሎን መፍታት አያድናትም። ከተገዛች ብዙ ካልቆየች ለሱቁ መልሷት።

ቅርብ ያለችው ወፍ አትጠራም

ደጃችሁ ያለ አበባ ላይ የምትመጥ ወፍ ለማየት በስንት ሜትር እንደምታጠራ እዩ። አንዳንዷ ከ3 ሜትር ወዲህ አታጠራም። ፔንታክስ ፓፒሊዮ 6.5×21 በተቃራኒው እስከ ግማሽ ሜትር ትቀርባለች፤ ቢራቢሮም ታሳያለች።

ጭጋግና አቧራ

እንጦጦ ላይ በጠዋት ብርድ ውጩ ላይ የሚያርፍ ጭጋግ ትንፋሻችሁ ነው፤ ይለቃል። ውስጥ ከገባ ግን እርጥበት ሰርጓል፣ ቆይቶም ሻጋታ ያመጣል። ክረምቱን ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በተዘጋ ዕቃ አስቀምጧት። አቧራውን መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አንሱት፣ በመጨረሻ በመነጽር ጨርቅ ጥረጉት። በነጠላ ጫፍ አይሆንም፤ ከአቧራው ጋር ሌንሱን ይፍቀዋል።