ኳየራችሁን እንዴት ስዊንግ ታስደርጋላችሁ፦ ከደሴ

ደሴ ላይ ኳየር ያልዘመረ ወይ መንዙማ ላይ ያልተቀበለ ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚህ ድምፅ አታጡም፣ የሚያስቸግረው ስዊንጉ ነው፣ ዘፈኑን የሚያወዛውዘው የጃዝ ምት ማለቴ ነው። እኛ ስንጀምር አራቱን ድምፅ አከፋፍለን ሁሉም መስመሩን ሸምድዶ መጣ፣ ኖታው ልክ ነው ግን ዘፈኑ ከቦታው አይነቃነቅም፣ አንድ ወር እንደዛ ለፋን። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ሪትሙ ሳይያዝ ወደ ሀርሞኒ፣ ማለትም የተለያየ ኖታ ባንዴ ወደ መዝፈን፣ ስለገባሁ። እናንተ በሪትም ጀምሩ።

መጀመሪያ ሰው። 8 ይበቃል፣ ከቀጭኑ ድምፅ ወደ ወፍራሙ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴነር፣ ለባስ 2 2። የአሜሪካኖቹ የጃዝ ዘፋኞች ቡድን ማንሃተን ትራንስፈር እኮ 4 ነበሩ። ድምፁ ትልቅ የሆነውን ሳይሆን ጎኑ ያለውን ሰው የሚሰማውን ምረጡ።

ቀጥሎ ዋናው ነገር። አንዱን ምት በልባችሁ ለ3 እኩል ቦታ ክፈሉት፣ ከዛ ሁለት ድምፅ ስታስገቡበት የመጀመሪያው ሁለቱን ቦታ ይይዛል፣ ሁለተኛው አንዷን። ችክችካ እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ ሶስትነት ጆሮው ውስጥ አለ፣ አዲስ የሚሆንበት ጭብጨባው ነው፣ ከ4ቱ ምት 2ኛውና 4ኛው ላይ ነው የሚጨበጨበው። የኛ መለማመጃ የሚኒባስ ረዳቶች መናኸሪያ ሲጠሩ የምንሰማው ቃል ነው፣ ኮምቦልቻ። «ኮም» 1 ላይ ረዘም ይበል፣ «ቦል» አጠር ብሎ ይከተል፣ «ቻ» 2 ላይ ከጭብጨባው ጋር ይረፍ፣ ሲደገም ደግሞ «ቻ» 4 ላይ ያርፋል። ኮም-ቦል-ቻ፣ ኮም-ቦል-ቻ። ስልካችሁ ላይ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር አፕ) በደቂቃ 60 ላይ አድርጉና ቲክ የሚለውን 2 እና 4 ብላችሁ ቁጠሩት። መጀመሪያ ሁሉም ይጠፋበታል፣ 1ን የሚነግራችሁ የለማ፣ ግን ሲያዝ ትከሻችሁ ራሱ ይነግራችኋል። ሁላችሁም በአንድ ኖታ ብቻ ዝፈኑት፣ ሳምንት ቢፈጅም ይፍጅ። ዘፈኑ በጣም ሲፈጥን ረጅሙና አጭሩ እኩል ወደመሆን ይጠጋሉ፣ በግድ አትለያዩዋቸው።

አሁን ሀርሞኒ። ብዙ ሰው ወሎ ነን ብሎ በአምባሰል ቅኝት መጀመር ይፈልጋል፣ እኔ ግን በትዝታ ሜጀር ቅኝት ጀምሩ እላለሁ። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ጃዝ ተጫዋቾች ሲክስ ናይን የሚሉት ኮርድ (ባንዴ የሚሰሙ ኖታዎች) እነዚሁ 5 ኖታዎች ናቸው። ከታች ወደ ላይ ባሶቹ ዶ፣ አንዱ ቴነር ሚ፣ ሌላው ላ፣ አልቶ ሬ፣ ሶፕራኖ ሶል፣ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ጀማሪ እንኳን የጎረቤቱ ኖታ አይጎትተውም። እኛ መጀመሪያ የያዝነው ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፣ በጨለማ ደጋግመን ያዝነው፣ ማንም ማቆም አልፈለገም። አምባሰል ላይ ግን ከዶ እና ከሶል አጠገብ ግማሽ ቶን ብቻ የሚርቁ ኖታዎች ስላሉና ባንዴ ሲሰሙ ስለሚጋጩ አምስቱን ባንዴ አትደርድሩ፣ አንድ ሰው ያውጣ፣ ሌላው ዶ እና ሶል ይዞ ይቀበል።

ከዛ አነፋፈስና አጨራረስ። እ.ኤ.አ. በ1957 ላምበርት፣ ሄንድሪክስና ሮስ የሚባሉ 3 የጃዝ ዘፋኞች የካውንት ቤዚን የጃዝ ባንድ የጥሩምባ መስመሮች በ3 ሰው ድምፅ ደራርበው ቀርፀዋል፣ እናንተም እንደ ጥሩምባ አስቡ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ሁላችሁም አንድ ቦታ ተንፍሱ፣ «ዳት» ስትሉ «ት» አንድ ላይ ትቆረጥ። 8 ሰው 8 ቦታ «ት» ካለ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ነው የሚመስለው። ግማሽ ክብ ሰርታችሁ ቁሙ፣ ስልክ 3 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ ቅረፁና የማን ድምፅ ብቻውን እንደሚወጣ ስሙ።

መሳሪያ መጨረሻ ላይ ይግባ። ኪቦርዱ ቦታ ይልቀቅላችሁ፣ ድራሙ ድምፁን ቀንሶ ሲምባሉን ይያዝ፣ ቤዝ ጊታር ከመጣ ደግሞ ዶ የሱ ነው፣ አንዱ ባስ ዘፋኝ ወደ ሶል ይውጣ።