ቀጭ ቀጭ የሚል አሮጌ ሞዴል ሎኮሞቲቭ

የእውነተኛ የናፍጣ ባቡር ጎታች አምሳያ የሆነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የ1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) ሞዴል ሎኮሞቲቬ በዝግታ ሲሄድ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር "ቀጭ" ብሎ ይነጥር ነበር። ሐዲዱንና ጎማዎቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል ወለወልኩ፤ ምንም። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ዘይትም አልረዳውም።

በመጨረሻ ሞተሩን ለብቻው ነጥዬ 12 ቮልት ሰጠሁት። ጸጥ ብሎ ዞረ። ስለዚህ ችግሩ ከታች ነው። የታችኛውን ክዳን ከፍቼ የአክስሎቹን (የጎማ ዘንጎቹን) ጊሮች በአጉሊ መነጽር አየሁ። አንዱ የፕላስቲክ ጊር ተሰንጥቋል! ስንጥቁ ሁለት ጥርሶችን ስላራራቀ እዚያ ሲደርስ ይነክሳል። ሙጫ አትሞክሩ፤ አክስሉ ከውስጥ ስለሚገፋው አይይዝም። የጥርሱ ቁጥር እኩል የሆነ አዲስ ጊር ገጠምኩ፤ የጎማዎቹም ርቀት ለ16.5 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ልክ መሆኑን አረጋገጥኩ። ድምፁ ጠፋ።

የተሰበረውን የእጅ መደገፊያ በቀጭን የነሐስ ሽቦ የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቀለምና ጌጡን ካስቀደማችሁ ሲፈታ ይላላጣል።