ስለ ካውንት ድራኩላ የአንባቢ ምላሽ እንዴት ይጻፋል?

በጅማ የክረምት ምሽት፣ መብራት ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1897 የታተመውን የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» የተባለ ልብ ወለድ በሻማ ያነበበ ሰው ስለ ባለግንቡ ደም መጣጭ ካውንት (ካውንት የአውሮፓ መኳንንት ማዕረግ ነው) ምላሽ እንዲጽፍ ሲጠየቅ «በጣም ያስፈራል» ብሎ ብዕሩ ሊቆምበት ይችላል። መድኃኒቱ ሰውየውን መጀመሪያ የተጠራጠሩበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጎ ማስመርና ጽሑፉን ከዚያ መጀመር ነው።

ወጣቱ የሕግ ባለሙያ ጆናታን ሃርከር ትራንሲልቫንያ ሲደርስ ካውንቱ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ያስገባዋል፤ እራት ያቀርብለትና «እኔ በልቻለሁ» ብሎ አብሮት ሳይቀምስ ይቀራል። ቡናን ለብቻ መጠጣት ነውር በሆነበት ጅማ ላደገ፣ ጠጅ የሚቀዳ ሰው ቀድሞ በመዳፉ እንደሚቀምስም ለሰማ አንባቢ፣ ከሾሉት ጥርሶች ይልቅ ይህ አለመቅመስ ይከነክነዋል። እንዲህ ያለውን ጥርጣሬ ሳያፍሩ ይጻፉት፤ ከዚያም ወደ ፊት ይከተሉት። በምዕራፍ 3 ሃርከር ካውንቱን አልጋ ሲያነጥፍና ገበታ ሲያሰናዳ ያየዋል፤ በግንቡ አንድም አገልጋይ እንደሌለ፣ በሌሊት ያመጣው ባለሠረገላም ራሱ ካውንቱ እንደነበረ የሚገባው ያኔ ነው። በእኔ ግምት ግድግዳውን በግንባሩ ተደፍቶ ከሚወርድበት ትዕይንት የበለጠ የሚያስደነግጠው ይህ የአልጋ ማንጠፍ ነው።

መጽሐፉ ከማስታወሻ፣ ከደብዳቤና ከጋዜጣ ቁራጭ የተሰፋ ሲሆን ድራኩላ የራሱ ማስታወሻ የለውም። ስለዚህ ስለ እሱ የሚጠቅሱት ቃል የማን እንደሆነ ሁልጊዜ ይግለጹ፤ ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ አሳዳጆቹ ናቸውና።

«ድራኩላ ቡዳ ነው» የሚለው ንጽጽር ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ እኔ አልመክረውም። ቡዳ በዓይኑ ይበላል ይባላል፤ ድራኩላ ግን በምዕራፍ 18 እንደተነገረው ከቤተሰቡ አንድ ሰው ካልጋበዘው በመጀመሪያ ወደ ቤት መግባት አይችልም፤ የልብ ወለዱ ፍርሃትም አብዛኛው ከዚህ ግብዣ ይመነጫል። ከዚህም በላይ ቡዳ የሚለው ስም ቀጥቃጮችንና ሸክላ ሠሪዎችን ሲያስገልል የኖረ በመሆኑ ማነጻጸሪያው ጎረቤትን ይነካል።

ረቂቁን ሲያርሙ «ክፉ» የሚለው ቃል በመጣበት ሁሉ ሰርዘው ካውንቱ የሠራውን ድርጊት ይተኩበት። የገጽ ቁጥር በየኅትመቱ ስለሚለያይ በ27ቱ ምዕራፎች ቁጥር ይጥቀሱ።