ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ጫማ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

በአስፋልት ረጅም ርቀት ለሚሮጥ ሰው ወፍራም ሶል ጥሩ ነው። ችግሩ ሦስት ነገሮች መደባለቃቸው ነው፦ የሶሉ ውፍረት፣ የስፖንጁ ልስላሴ እና ድሮፕ፣ ማለትም ተረከዙ ከጣቶቹ በላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል። ሕመሙ ከየትኛው እንደመጣ ሳይለዩ ሌላ ጫማ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ባትና የተረከዝ ጅማት ይይዛል

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ድሮፑ ነው። 10 ሚሊ ሜትር የለመደ እግር በአንድ ጊዜ ወደ 4 ወይም 5 ሲወርድ ተረከዙ ዝቅ ስለሚል ጅማቱ በየእርምጃው ከለመደው በላይ ይሳባል። ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ተረከዙም ከፍ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፊትም ከኋላም እኩል ወፍራም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ቁጥሩን በሞዴሉ ስም ፈልገው ያረጋግጡ።

አንዴ ከተገዛ ረጅሙን ሩጫ በአሮጌው ጫማ ይቀጥሉ። አዲሱን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ዝግ ያለ ሩጫ ብቻ ያድርጉት፤ ርቀቱን ከ3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ ይጨምሩ። ጅማቱ ካበጠ ግን ሩጫውን አቁመው ሐኪም ያማክሩ።

ቁርጭምጭሚት ይዋልላል፣ በተለይ ሲደክም

ስፖንጁ በጣም ለስላሳ፣ መሬት የሚነካው የሶሉ ወርድ ደግሞ ጠባብ ነው። ሱቅ ውስጥ ጫማውን አድርገው በአንድ እግር 30 ሰከንድ ይቁሙ። እግሩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከሰመጠ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ይብሳል። ኮብልስቶን ባለበት ሰፈር ለሚሮጥ ሰው ደግሞ አይመከርም። ክሩን ማጥበቅ አይፈታውም፤ ሰፋ ያለ መሠረትና ትንሽ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ያለው ይምረጡ።

ጥፍር ይጠቁራል

ወይ ጫማው አጥሯል፣ ወይ ቁልቁለት ላይ እግሩ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ በሚሮጡበት ካልሲ ይለኩ። ውስጡ የተነጠፈውን ንጣፍ አውጥተው ይቁሙበት፦ ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት፤ እግርዎ በጎን ከወጣ ጠቧል።

ልኩ ትክክል ሆኖ ተረከዙ ከተነሳ፣ ከላይ ባለችው ተጨማሪ ቀዳዳ ይጠቀሙ፦
1. ክሩን በዚያው ጎን ባለችው የመጨረሻ ቀዳዳ አስገብተው ትንሽ ቀለበት ይተዉ።
2. በሌላውም ጎን እንዲሁ ያድርጉ።
3. እያንዳንዱን ጫፍ በተቃራኒው ቀለበት ውስጥ አሳልፈው ወደ ታች ሳብ አድርገው ይሰሩ።

ጣት የሚደነዝዝ ከሆነ የፊቱን ክር ያላሉ።

ጫማው አዲስ ይመስላል፣ ግን ድንጋይ ነው

በቦንዳ ገበያ የተለመደ ነው። የታጠበ ጨርቅና ያላለቀ ጎማ የሞተ ስፖንጅ ይሸፍናሉ። የሶሉን ጎን ይዩ፤ ጥልቅ የተኛ ሽብሽብ ካለ ይተዉት። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረጋገጥ በውስጡ ቀርቷል። አዲስ የገዙት ደግሞ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ ክብደት ላለው ሯጭ ያንሳል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አያድርቁ፣ ማጣበቂያው ይለቃል።

ለውድድር ሲሆን

የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የሚፈቅደው ከፍተኛ የሶል ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለልምምድ የሚሸጡ አንዳንድ ጫማዎች ግን ያልፉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቪየና ማራቶን ደራራ ሁሪሳ አንደኛ ከገባ በኋላ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዟል። የ42 ኪሎ ሜትር ልፋት በ1 ሴንቲ ሜትር መጥፋቱ ያሳዝናል። ለሽልማት የሚሮጡ ከሆነ የሞዴሉን ትክክለኛ ስም ከተፈቀዱት ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፤ የልምምዱንና የውድድሩን ጫማ በተለያየ ቦርሳ ይያዙ።