ከመስቀል እስከ ጥምቀት፦ ባልና ሚስት የእንጨትና የጭቃ ቤት እንዴት ይሠራሉ?

ባህር ዛፍ ተተክሎ፣ ማገር (አግድም የሚመታ ቀጭን እንጨት) ተመትቶበት፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎና ቆርቆሮ ለብሶ የሚቆመው ቤት በደጋው የአገራችን ክፍል ዛሬም ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ቤት ነው። ወፍራም ጥድ እንደ ልብ በሚገኝባቸው ቀዝቃዛ አገሮች ሰዎች ሙሉ ግንድ በግንድ ላይ እያጋደሙ ግድግዳ ያነሣሉ። እኛ ዘንድ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በስፋት የተተከለው ባህር ዛፍ ቀጭንና ቀጥ ያለ በመሆኑ ግንዱን እናቆመዋለን እንጂ አናጋድመውም፤ ክፍተቱን የሚሞላው ጭቃው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው እኔና ባለቤቴ በደብረ ብርሃን አካባቢ 5 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስንሠራ የተከተልነው ቅደም ተከተል ነው፤ የተሳሳትንበትም አብሮ ተጽፏል።

አስቀድሞ ከቀን መቁጠሪያ ጋር መቀመጥ ያስፈልጋል። ዝናቡ የሚያቆመው በመስከረም ማብቂያ ገደማ ነው፤ የበልጉ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ያሉት ወራት ደግሞ በበዓል የተሞሉ ናቸው። እኛም በመጀመሪያ ወረቀት ላይ መስቀልን፣ ግሸን ማርያምን፣ ኅዳር ሚካኤልን፣ ኅዳር ጽዮንን፣ ታኅሣሥ ገብርኤልን፣ ገናንና ጥምቀትን ስንጽፍ፣ በየወሩ ሥራ የማይሠራባቸውን ቀናትና እሑዶችን ስንጨምርበት፣ የቀረው የሥራ ቀን ለጎጆም የሚበቃ አልመስል ብሎን ነበር። ይሁን እንጂ የጭቃ ቤት ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ብዙ እጅ የሚፈልግ ነው፣ ሌላው ግን ማንም ሳይነካው የሚቦካና የሚደርቅ ነው። ብዙ እጅ የሚፈልገውን ዘመድ በበዓል ምክንያት በተሰበሰበበት ማግስት ላይ፣ የሚደርቀውን ደግሞ በበዓላቱ ላይ እንዲውል ካደረጉ፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚሠሩት ሥራ የሚቻል ይሆናል።

የይዞታ ማረጋገጫና የግንባታ ፈቃድ ሳይያዝ ጉድጓድ አይቆፈርም። ቦታውም በክረምት ጎርፍ የማያቋርጠው፣ መሬቱ ከተቻለ ቀይ አፈር ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቁር ዋልካ በዝናብ እያበጠ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ቋሚውን ከቦታው ያነቃንቀዋል።

ግንቦት፦ እንጨቱን መቁረጥና ማድረቅ

ለመስከረም ሥራ የሚሆን እንጨት ቢያንስ በግንቦት መቆረጥ ይኖርበታል። ለእኛ ቤት 3 ሜትር ከ20 ሳንቲም ርዝመት ያላቸው ወደ 60 የሚጠጉ ቋሚዎች አስፈልገውናል፤ ለማዕዘኖቹ ከ12 እስከ 14 ሳንቲም ውፍረት ያላቸውን፣ ለመካከሉ ከ8 እስከ 10 ሳንቲም የሆኑትን መረጥን። ለማገር የሚሆን ባለ 4 ሜትር ቀጭን እንጨት ደግሞ ወደ 180 ገዛን። ልጡ እንጨቱ እርጥብ ሳለ በእጅ ተይዞ ሲሳብ ከላይ እስከ ታች ይላጣል፤ ሁለት ሳምንት ከዘገዩ ግን በመጥረቢያ እየፋቁ ነው የሚውሉት። ልጡን መላጥ የግድ ነው፤ ነቀዝ የሚራባው በልጡና በእንጨቱ መካከል ነውና። ከዚያ በኋላ እንጨቱን በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ አየር በመካከሉ እንዲያልፍ እያፈራረቁ ይደርድሩት፤ ዝናብም ፀሐይም እንዳይመታው ከላይ ይሸፍኑት። በፀሐይ ላይ የተጣለ ባህር ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ እየተሰነጠቀ ይጠማዘዛል።

መስከረም፦ ልክ ማውጣትና ቋሚ መትከል

ልክ ለማውጣት ሲባጎ፣ ሜትርና አራት ካስማ ይበቃሉ። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማረጋገጥ ከማዕዘኑ ተነሥተው በአንዱ መስመር ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 5 ሜትር ሊሆን ይገባል። አራቱም ማዕዘኖች ከተያዙ በኋላ ሲባጎውን ከማዕዘን ወደ ትይዩ ማዕዘን ይወጥሩ፤ 5 በ7 ለሆነ ቤት ሁለቱም ሰያፍ መስመሮች 8 ሜትር ከ60 ሳንቲም መሆን አለባቸው። የእኛ አንደኛው 8 ሜትር ከ71 ወጣ። ባለቤቴ «11 ሳንቲም ምን ያደርጋል?» ቢለኝም፣ እንዲያ የተዛባ ቤት ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ ስለሚያጋልጥ ካስማዎቹን ነቅለን እንደገና ጀመርን።

ቋሚ መትከል የመጀመሪያው ብዙ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው። መስቀል መስከረም 17 ይውላል፣ ግሸን ማርያም ደግሞ በ21 ነች፤ በመካከሉ ያሉትን ሦስት ቀናት፣ ወንድሞቼ ከአዲስ አበባ ለበዓሉ መጥተው ገና ሳይመለሱ ያዝናቸው። ጉድጓዶቹን ግን እኔና ባለቤቴ ከደመራው በፊት በዲጅኖ ቆፍረን ጨርሰን ነበር፤ እንግዳን ጉድጓድ ማስቆፈር ለሚቀጥለው ዓመት አያስመጣም።

እያንዳንዱ ጉድጓድ 60 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ሲሆን በ50 ሳንቲም ርቀት ይቆፈራል። መሬት የሚገባውን የቋሚውን ክፍል፣ ከመሬት በላይ 20 ሳንቲም ያህል ጨምረው፣ በእሳት ለብለብ አድርገው ላዩን ያጥቁሩትና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡት። ዘይቱ ለቆዳ ጎጂ ስለሆነ በጓንት ይሥሩ፤ የውኃ ጉድጓድ አጠገብም አያፍስሱት። በመጀመሪያ አራቱን የማዕዘን ቋሚዎች በቱምቢ (በክር ጫፍ በሚንጠለጠል ክብደት) እየለኩ ይትከሉ፣ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጥሩ፣ ከዚያም የቀሩትን ሲባጎውን ሳይገፉ እንዲሳለሙት አድርገው ያሰልፏቸው። በየጉድጓዱ መጀመሪያ ድንጋይ፣ ከዚያ አፈር፣ እንደገና ድንጋይ እያደረጉ በደንብ ይጠቅጥቁ።

አባቴ በበዓሉ ማግስት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰልፉን ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ሦስተኛው ሰክሯል» አሉኝ። ቱምቢ ስንጥልበት በእርግጥም ሁለት ጣት ያህል አዘንብሎ ተገኘ። አፈሩ ከተጠቀጠቀ በኋላ ማቃናት ከባድ ነውና ይህ ፍተሻ በየቋሚው፣ በሁለት አቅጣጫ ሊደረግ ይገባል።

በሩና መስኮቱ በሚቀመጡበት ቦታ ጉበኑና መቃኑ ከማገሩ በፊት ይታሰራሉ። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም፣ በየ20 ሳንቲሙ፣ በእያንዳንዱ ቋሚ ላይ በሚስማር ይመታል፤ የውስጡና የውጩ ማገር በአንድ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት ከሚገጥሙ ቢፈራረቁ ጭቃው የተሻለ ይይዛል። የጥቅምት ወር ሙሉ የእኛ የሁለታችን ሥራ ይህ ነበር፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይመታል። ስለዚህ ሥራ ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም፣ አሰልቺ ነው።

ጣሪያው ከጭቃው በፊት

ጭቃ ከመመረጉ በፊት ቤቱ መልበስ አለበት፤ ያለ ወቅቱ የሚመጣ አንድ ዝናብ ያልደረቀ ግድግዳን አጥቦ መሬት ላይ ያወርደዋልና። በቋሚዎቹ አናት ላይ ዙሪያውን አግዳሚ ይመታል፤ በእሱ ላይ ወራጆቹ፣ በወራጆቹ ላይ ደግሞ ቆርቆሮው የሚመታበት ጣውላ፣ ሞራሌው፣ ይቀመጣል። ቆርቆሮ ሲገዙ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው የሚሳሳ መሆኑን አይርሱ፤ ባለ 32 ጌጅ ከባለ 35 ይወፍራል። ሚስማሩ የሚመታው ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሳይሆን በጉብታው ላይ ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ ቢያንስ 50 ሳንቲም ይውጣ፤ የጭቃ ቤት ዕድሜ የሚለካው በዚህ ክዳን ስፋት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ኅዳር፦ ጭቃውና ጠላው

የላይኛውን ጥቁር አፈር ከነሥሩ አስወግደው ከሥር ያለውን አፈር ያውጡ። አፈሩ ተስማሚ መሆኑን ለማወቅ በውኃ ለውሰው የእንቁላል መጠን ያላቸው ድቡልቡሎች ይሥሩና ጥላ ላይ ያድርቁ። ደርቀው ክፉኛ ከተሰነጠቁ አፈሩ አሸዋ ወይም ተጨማሪ ጭድ ይፈልጋል፤ በጣት ሲጫኗቸው ከተፈረፈሩ ግን የሚይዝ ነገር ስለሌላቸው ሌላ አፈር ይፈልጉ። ጭዱ የጤፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ቀጭንና ልስልስ በመሆኑ ከጭቃው ጋር ይዋሐዳል። የዓመቱ ጤፍ ገና ስለማይወቃ ያለፈውን ዓመት ጭድ አስቀድመው ይግዙ።

እኛ ጭቃውን ኅዳር 2 ቀን ጉድጓድ ውስጥ አቦካነው፤ በዚያው ዕለት አማቴ ጠላውን ጠነሰሱ። በየሦስተኛው ቀን ውኃ እየጨመርን፣ በእግር እየረገጥን እናገላብጠው ነበር። ጭቃው በሰባተኛው ቀን ገደማ መኮምጠጥ ጀመረ፣ ጭዱም ለሰለሰ፤ አማቴ ከጋኑና ከጉድጓዱ የሚወጣውን ሽታ እያነጻጸሩ «የእናንተው ይቀድማል» ይሉ ነበር። በእፍኝ የተያዘ ጭቃ ሲቆረስ ተበጥሶ ከመውደቅ ይልቅ በጭዱ ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ለምርጊት ደርሷል።

የምርጊቱን ቀን ኅዳር 13 አደረግነው። ጎረቤት በዚህ ወር አጨዳ ላይ ስለሆነ ደቦ መጥራት ያስቸግራል፤ የሰፈራችን ታቦት ግን ሚካኤል ነውና በ12 ለንግሡ ከየቦታው የተሰበሰበ ዘመድ አለ፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ደግሞ በ15 ስለሆነ የፍስክ ወጥ ማብላት ይቻላል። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን መሆኑንም ያስቡ፤ እኛ የተረፈውን ጭድ በዋዜማው ወደ ጓሮ አዛውረን በእርጥብ ጆንያ ሸፈንነው።

ሠራተኛው በሁለት ወገን ይቆማል፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ከታች ወደ ላይ እየሄዱ፣ ድቡልቡሉን ጭቃ በማገሮቹ መካከል በኃይል ይመቱታል፤ የውስጡና የውጩ ጭቃ መካከል ላይ ተገናኝቶ አንድ መሆን አለበት። ክፍተት የቀረበት ቦታ የአይጥ ቤት ይሆናል። ላዩን አያለስልሱት፤ የጣት ምልክት እንዳለበት ሻካራ ሆኖ ቢቀር ሁለተኛው ልስን ይይዘዋል። ልጆች ጭቃውን ይረግጣሉ፣ ወጣቶች ያመላልሳሉ፣ ልምድ ያላቸው ይመርጋሉ። ጠላው የሚቀርበው ማታ ነው፤ ይህን ደንብ ከሰዓት በኋላ ላይ ጥሰነው የምዕራቡ ግድግዳ ሆድ አውጥቶ ቀርቷል።

ታኅሣሥ፦ መጠበቅ

ግድግዳው ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ቢያወጣ አይደንግጡ፤ ሁለተኛው ልስን ይሞላዋል። ዋናው ጥያቄ መቼ እንደደረቀ ማወቅ ነው። የድፎ ዳቦን መብሰል በስንጥር እንደምንፈትነው ሁሉ፣ ረጅም ሚስማር 5 ሳንቲም ያህል አስገብተው ያውጡት፤ እርጥብ ጭቃ ይዞ ከወጣ ገና ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነበለች በመሆኗ የደቡቡ ግድግዳ ቀድሞ ይደርቃል፣ የሰሜኑ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ ላይ ይውላል።

የእኛ ትልቁ ስሕተት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ለገና ቤቱ ውስጥ ገብተን ዘመድ እንጋብዛለን ብለን ቃል ስለገባን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን አራቱንም ግድግዳ አንድ ላይ ለሰንን። ለሁለተኛው ልስን የተነፋ አፈርና በጣም የደቀቀ ጭድ ተጠቅመን አንድ ሳንቲም ያህል አልብሰነው ነበር፤ አሠራሩ ትክክል ነው፣ ጊዜው ግን አልነበረም። በዚያ ሌሊት ውርጭ ወረደ። በማግሥቱ የሰሜኑን ግድግዳ በመዳፌ ስጫነው ልስኑ እንደ ደረቀ ቂጣ ተነሥቶ እጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሩ ያለው ምርጊት አሁንም ይቀዘቅዝ ነበር። ሦስቱ ግድግዳዎች ደኅና ቆዩ።

ስለዚህ ግድግዳዎቹን አንድ ላይ መጨረስ ግዴታ አድርገው አይያዙት፤ የደረቀውን ለስነው ያልደረቀውን ይተዉት። ልስን ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢያልቅ ውርጩ ሳይመጣ ላዩ ይጠጥራል፤ ማታ ማታ በጆንያ መሸፈንም ይረዳል።

ገናን ያከበርነው ሦስት ግድግዳ በለበሰ፣ አንዱ በተላላጠ ቤት ውስጥ፣ በተረፉት የሞራሌ ጣውላዎች ላይ ተቀምጠን ነው። እንግዶቻችንም ከግድግዳው እንዳይደገፉ ተነግሯቸው ነበር።

ከጥምቀት በኋላ

ጥር 12 ካለፈ በኋላ የሰሜኑን ግድግዳ የተላቀቀውን ልስን ፍቀን፣ ውኃ አርከፍክፈን፣ እንደገና ለሰንነው። ደረቅ ምርጊት የልስኑን ውኃ ቶሎ ስለሚመጥጥ ማርከፍከፉ አይዘለልም። የመጨረሻው ቅብ እበት፣ የተነፋ አመድና ደቃቅ አፈር ተደባልቀው በእጅ የሚቀቡ ናቸው፤ ነጭ ለሚፈልግ ኖራ ይሆናል። የግድግዳውን የውጭ ግርጌ እስከ 50 ሳንቲም ከፍታ ድረስ በድንጋይ ያልብሱት፤ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውኃ ጭቃ እየረጨ የሚበላው ይህንን ክፍል ነው። የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ደግሞ በቤቱ ዙሪያ፣ ከክዳኑ ጠርዝ ትክክል፣ 30 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈራል፣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንዲፈስም ይደረጋል።

ለጭቃው ካወጡት አፈር የተረፈውን አይጣሉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ጆንያ ሞልተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የተጎዳው የግድግዳ ግርጌ ለመስቀል ይጠገናል፤ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር ሲደርቅ የሚሸበሸብበት መጠን ከአሮጌው ስለሚለይ ይላቀቃል፣ የራሱ የሆነው ግን ይይዛል።