የቻይና ገበያ ሲቀዘቅዝ ባሕር ዳር ላይ ሰሊጥና ፌሮ እንዴት ይገዛል?

ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቻይና ቤት ግንባታ ተዳክሟል፤ ግዙፉ አልሚ ኤቨርግራንዴም በ2024 በሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ተወስኖበታል። ቻይና ከሰሊጣችን ዋና ገዢዎች አንዷ ስለሆነች ነገሩ ባሕር ዳር መጋዘን ድረስ ይመጣል።

ከመተማ በኩል የመጣ ሰሊጥ ከመግዛትዎ በፊት እውነተኛ ወጪውን ያስሉ። ለምሳሌ ኩንታሉን በ12,000 ብር ገዝተው ሲበጠር 4 ኪሎ ቆሻሻ ቢወጣው፣ 12,000ን ለ0.96 ያካፍሉ፤ የንጹሑ ኩንታል ዋጋ 12,500 ይሆናል። 4 በመቶ ብቻ የሚደምር ሰው 12,480 ያገኛል፤ በመቶ ኩንታል 2,000 ብር ተሳሳተ ማለት ነው። ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ትራንስፖርት ይከተላሉ። የባንክ ወለድ ግን በየወሩ ይደመር፤ «ዋጋ እስኪወጣ» ተብሎ የተከማቸን እህል ትርፍ የሚበላው እሱ ነው። በብድር የተገዛውን ቀድሞ መሸጥ ይሻላል።

የቻይናን ገበያ ሁኔታ ለመገመት የፋብሪካዎቿን ወርኃዊ የሥራ መለኪያ (PMI የሚባለውን) ይመልከቱ፤ ከ50 በታች ከሆነ ሥራቸው ከቀደመው ወር ቀንሷል። አንድ ወር ብቻ አይቶ መደንገጥ ግን አያስፈልግም።

ፌሮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አገር ውስጥ ገዢ ሲጠፋ የቻይና ፋብሪካዎች ብረቱን ወደ ውጭ ይልካሉ፤ በ2024 ከ110 ሚሊዮን ቶን በላይ ወጥቷል። ሆኖም ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚተመን፣ በዶላር የረከሰው በብር ሊወደድ ይችላል። ሲገዙ ይመዝኑ፦ ባለ 12 ሚሊ፣ 12 ሜትር ቤርጋ ወደ 10.66 ኪሎ ሊመዝን ይገባል። 9.5 ከመጣ ቀጭን ነው፤ ርካሽነቱም ከዚያ ነው።