በእንጨትና በሽቦ ለምታጥሩ፦ በሩ መሬት እንዳይጭር

በዚህ በጋ አጥር ልታጥሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘባችሁን ለበሩ ቋሚዎች አውጡ። የቀረው አጥር ባሕር ዛፍ ቢሆን ግድ የለም፤ በሩ የሚንጠለጠልበት ግን ወፍራም ጽድ ወይም ወይራ ይሁን። ምስጥ እነዚህን ቶሎ አይደፍራቸውም። ጉድጓዱም ከሌላው ይጥለቅ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል። በቢቸናና በደጀን በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቋሚውንም ያጋድለዋል። ስለዚህ አፈሩን መልሳችሁ አትሙሉበት፤ ድንጋይና ጠጠር እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት።

በሩ ላይ የሚመታው ሰያፍ እንጨት አቅጣጫ አለው። የታችኛው ጫፉ በማጠፊያው በኩል፣ የላይኛው በመቀርቀሪያው በኩል ይሁን፤ ያኔ ክብደቱን ተሸክሞ ወደ ቋሚው ያወርደዋል። ገልብጦ የሚመታው አናጢ ብዙ ነው (ቆማችሁ እዩት!)። በእንጨት ፋንታ የተጠመዘዘ ሽቦ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፦ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው የመቀርቀሪያ ጥግ ይወጠራል።

የአጥሩን ሽቦ ከብቶቹ በሚውሉበት በኩል ምቱት። በሬ ሲታከክበት ሽቦውን ወደ እንጨቱ ይጫነዋል እንጂ ሚስማሩን አይነቅለውም። የማዕዘን ቋሚዎችን ደግሞ ሽቦው ከመወጠሩ በፊት ደግፏቸው።